ቦዘኔ ያልኩት ቅንጣት

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ የርክክብ ቅጽ ሰጠኝ። በእጄ የነበረውን ንብረት ቁጭ ብዬ ዘረዘርኩ፤ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ፕሪዝም፣ ሦስት ማግኔት፣ አንድ ሚዛን፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ ከነማንጠልጠያው። የመጨረሻው ዓምድ «የጎደለ ወይም የተበላሸ» ይላል። «የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋም ማህተሟን አሳረፈችበት፣ እጄን ጨበጠችኝ፣ በዚሁ ተለያየን።

ስለ ባትሪዎቹና ስለ ማግኔቶቹ ከሆነ የጻፍኩት እውነት ነው። በጅቡቲ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ያበላሸሁት አንድ ነገር ግን አለ፤ ቅጹ ደግሞ ለሰው የሚሆን ዓምድ የለውም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለ ብዙ ወሬ ያለፈ ስለሆነ ሌላውን እግረ መንገዴን ባነሳው ይበቃል።

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። እዚያው ተምሬ፣ እዚያው መምህር ሆኜ ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ በአሮጌው ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረድኩ። ሰበቡ የታወቀ ነው፤ የመምህር ደመወዝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ግን ማስተማር አልነበረም። ወደብ ውስጥ በአንድ ትራንዚተር ሥር ጸሐፊ ሆንኩ። ትራንዚተር ማለት ከመርከብ የወረደ ዕቃ ጉምሩክ አልፎ ወደ ኢትዮጵያ በሚሄድ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ወረቀቱን የሚያስጨርስ ሰው ነው። አለቃዬ ወፍራምና ዝምተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመጋዘኑ በር አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ማንሳት የለ፣ መጫን የለ። ወዛደሮቹ ላብ በላብ ሆነው ሲያልፉ በሶማሊኛ ይተርቡታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። እኔም በልቤ «ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራል ተብሎ ነው የሚከፈለው?» እል ነበር።

አንድ ሳምንት ወባ ይዞት ከሥራ ቀረ። መርከቡ አለ፣ ክሬኑ አለ፣ ወዛደሩ አለ፣ ሹፌሮቹም ሞተር አስነስተው ቆመዋል፤ ዕቃው ግን ንቅንቅ አላለም። ለካ ከመርከቡ ወደ ጉምሩኩ፣ ከጉምሩኩ ወደ መኪናው ሲመላለስ የኖረው እሱ ነው፤ በእግሩ ሳይሆን በወረቀቱ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስህተቴን የሠራሁት ይህን ካየሁ ከዓመታት በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወደ ማስተማር የመለሱኝ ጋሽ ዩሱፍ ናቸው። የሐረር ሰው ናቸው፤ ዘመዶቻቸው በሙሉ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ እሳቸው ብቻ ከመደብሩ አምልጠው ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር በነበረ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት ለኢትዮጵያውያን ልጆች ፊዚክስ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ለወንድማቸው ዕቃ ለማስለቀቅ ወደቡ ቢሮ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ የፊዚክስ መጽሐፍ አዩ።

«ያንተ ነው?» አሉኝ።

«የኔ ነው። መምህር ነበርኩ።»

«ነበርኩ ይባላል እንዴ አቦ? ቅዳሜ ጠዋት ና።»

ሄድኩ። ደመወዙ ከወደቡ ያንሳል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም በየዓመቱ ያንከራትታል፤ ቢሆንም ሄጄ ቀረሁ።

ስለ ጋሽ ዩሱፍ ልማድ ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ የሚጠቅመውን ብቻ ላንሳ። ሙሉ ጠመኔ አይዙም። ለሦስት ሰብረው አንዱን ለራሳቸው አስቀርተው ሁለቱን ለተማሪዎች ይሰጣሉ፤ ሰሌዳው የእሳቸው ብቻ አይደለም ለማለት ነው። የአንድን ነገር ስም የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ነገሩን ያሳያሉ፣ ቀጥለው ምን እንደሚሠራ ያናግራሉ፣ ተማሪው በራሱ አፍ ከተናገረው በኋላ «እንግዲህ ይህን እንዲህ ይሉታል» ብለው ስሙን ይጽፋሉ። ስም ቀድሞ ከገባ ተማሪው በሩን ይዘጋል ይሉ ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የስህተት ደብተራቸው ነው። ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ኪስ የሚገባ ደብተር ነው። ገጹ በመሃል በመስመር ተከፍሏል፤ በግራ ተማሪው የተሳሳተው ይጻፋል፣ በቀኝ «ከየት አገኘው» ይላል። ተማሪ ሲሳሳት «ስህተት ነው» አይሉም። ጎንበስ ብለው በለሆሳስ «ከየት አገኘኸው?» ይላሉ፣ ልክ ጥሩ ነገር ይዞ የመጣ ሰው እንደሚጠየቅ። አንዱ ልጅ ኤሌክትሮን ሰማያዊ ነው አለ፤ ለካ ከመጽሐፉ ሥዕል ነው። ሌላው ድምፅ ከብርሃን ይፈጥናል ብሎ ድርቅ አለ። ቤቱ መስጊድ አጠገብ ነው፤ ሁልጊዜ አዛኑን የሚሰማው የሚናረቱ መብራት ሳይበራ ነው። ጋሽ ዩሱፍ ይህን ጽፈው ሲያበቁ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«አየህ ጌታሁን» አሉኝ፣ «ልጅ ከመሬት ተነስቶ አይሳሳትም። የሆነ ሰው ወይም የሆነ ነገር አሳስቶት ነው። እሱን ሳታገኝ ልጁን ብታርመው ዋጋ የለውም፣ ነገ ተመልሶ ይሳሳታል።»

አርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሥራ ሰዎች የተከፈተ ክፍል ነበር፤ የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። ከተማው በቀትር ሙቀት ተኝቶ አሥር ሰዓት ሲሆን ሲነቃ ተማሪዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ይገባሉ። አብዛኞቹ በሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ሴቶች ናቸው፤ የከባድ መኪና ሹፌሮችም አይጠፉም። እረፍታቸው አርብ ነው፣ እሱም እስከ ማታ ብቻ። ክሊማው፣ ማለት የአየር ማቀዝቀዣው፣ የሚሠራው በሳምንት አንድ ቀን ያህል ነው። ሆኖም ካስተማርኳቸው ክፍሎች ሁሉ እንደዚያ የሚያዳምጥ አላገኘሁም።

መሠረታዊ ቅንጣቶች የሚለው ምዕራፍ የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ መምህር ሰኔ ደረሰብኝ ብሎ ይዘለዋል። ጋሽ ዩሱፍ አይዘሉትም ነበር፣ እኔም አልዘለልኩትም። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጥቃቅኖቹ የዓለም ቅንጣቶች በጠባያቸው ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን ፈርሚዮን ይባላል፤ ኤሌክትሮን ከዚህ ወገን ነው። ፈርሚዮን ቦታውን አያጋራም፤ አንዱ የያዘውን ሁኔታ ሌላው አምሳያው ሊይዘው አይችልም። ግድግዳ ላይ ስንደገፍ አልፈን የማንወድቀው በዚህ የተነሳ ነው። ሁለተኛው ወገን ቦዞን ነው፤ የብርሃን ቅንጣት የሆነው ፎቶን ከዚህ ነው። ቦዞን እልፍ ሆኖ አንድ ላይ ቢሰበሰብ አይጣበብም። ደግሞም ኃይልን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው እሱ ነው። ሁለት ኤሌክትሮኖች ተገፋፉ ስንል በመሃላቸው ፎቶን ተመላለሰ ማለታችን ነው። ቃሎቹ ከሁለት ሊቃውንት ስም የተወሰዱ ናቸው፣ አንዱ ከጣሊያናዊ፣ አንዱ ከሕንዳዊ። በአማርኛ ምንም ትርጉም የላቸውም፤ ሰው ደግሞ ትርጉም የሌለውን ቃል ይረሳል።

ለፈርሚዮን ወንበር እጠቀም ነበር። አምስት ወንበር ደርድሬ ስድስት ሰው አስነሳለሁ፤ ስድስተኛው የሚሆነውን ሁሉም ያየዋል። ለቦዞን ደግሞ የጋሽ ዩሱፍ ዘዴ ነበረኝ። መስኮቱን ዘግተን ሁለት የእጅ ባትሪ በተለያየ ጥግ ይበራል፣ ጨረሮቹ በክፍሉ መሃል ይሻገራሉ። የሰሌዳውን ማጥፊያ መታ መታ ሳደርገው የጠመኔው ብናኝ ጨረሮቹን ያሳያል። «ተጋጩ?» እላለሁ። «አልተጋጩም።» «አንዱ ሌላውን አጠመመው?» «ኧረ ቀጥ ብሎ አለፈ ቲቸር!» ይህን ሲያዩ ዓይናቸው ውስጥ የሚመጣውን ነገር ለማየት ስል ብቻ ብዙ አርቦች ክፍል ገብቻለሁ።

ታዲያ አንድ ሙቀቱ ያስመረረን አርብ ስሞቹ ተምታቱባቸው። የትኛው ነው የማይጣበበው? ፈርሚዮን? ቦዞን? በጅቡቲ ቃሉን የምንጠራው እንደ ፈረንሳዮቹ በ«ዘ» ነው። «ቦዞን ብላችሁ ቦዘኔን አስቡ» አልኩ። «ቦዘኔ ምን ያደርጋል? አንድ ጥግ ላይ እንደ ጉድ ተሰብስቦ ይውላል፣ አይጣበብም፣ ወንበርም አይፈልግም። ፈርሚዮን ግን ወንበሩን የሚያስከብር ሠራተኛ ነው።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሮቹ ከቀትር በኋላ ጫት ይዘው ግድግዳ ሥር የሚሰበሰቡትን ጓደኞቻቸውን በስም እየጠሩ «ቦዞን እከሌ!» ይባባሉ ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ስሞቹን የዘነጋ ተማሪ አላየሁም። ማን እንደጀመረው ልሸፋፍን አልፈልግም፤ እኔ ነኝ።

ጋሽ ዩሱፍ ያን ዕለት ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ስንወጣ በሩ ላይ ያዝ አደረጉኝ።

«ቀልድህ ቆንጆ ነው። ግን አንድ ነገር ራስህን ጠይቀህ ነው የቀለድከው? ተማሪው ሌላውን ሁሉ ረስቶ ቀልዱን ብቻ ቢያስታውስ ምን ያውቃል?»

«ፈተናውን ያልፋል» አልኳቸው።

ሳቅ ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉና ሄዱ። እኔም በዚያው ዓመት ማስታወሻ ሳዘጋጅ ቀልዱን አራተኛው ገጽ ላይ ከተትኩት፤ «ቦዞን፦ እንደ ቦዘኔ ነው፣ ሥራ ፈት፣ ተሰብስቦ የሚውል።» «ሥራ ፈት» የሚለውን የጨመርኩት እንዲያሳምርልኝ ነው። ከላይ «አዘጋጅ፦ መምህር ጌታሁን» ይላል። ማስታወሻው ተባዝቶ ተሰራጨ፣ ዳይሬክተሩም አመሰገነኝ። ጋሽ ዩሱፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ታመው ሐረር ገቡ፤ እዚያው አረፉ። ደብተሩን ለኔ እንዲሰጠኝ ለወንድማቸው ተናግረው ኖሯል፣ መጣልኝ።

መዲና የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የከሚሴ ልጅ ነች፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ጅቡቲ የገባችው። ሄሮን በሚባለው ሰፈር ባሕሩ አጠገብ በአንድ የውጭ ዜጎች ቤት ትሠራለች፤ ቤቱን ታጸዳለች፣ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፣ ፈረንሳይኛውንም ከልጆቹ ለምዳዋለች። ደብተሯ እንደሌሎቹ አልነበረም። ሰሌዳው ላይ ያለውን በአንድ ገጽ እንዳለ ትገለብጣለች፣ ትይዩው ገጽ ላይ በራሷ ቃል ትጽፈዋለች። ጥያቄዋም የራሷ ነው። «ፎቶን ከፀሐይ እዚህ ሲደርስ አይደክመውም ቲቸር?» አለችኝ አንዴ። ክብደት የለውም፣ ምን ይሸከማል ብሎ ይደክመዋል አልኳት። ጻፈችው።

አንድ አርብ ቀድማ መጥታ አንድ የግል ክሊኒክ ለራጅ ክፍሉ ሠልጣኞች ሊወስድ መሆኑን ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ያሠለጥናል፣ ከዚያ ይቀጥራል። ፈተናው የቃል ነው፣ በፈረንሳይኛ።

«ራጅ ማንሳት ትወጃለሽ?» አልኳት።

«መውደዱን እንጃ። የምተኛበት ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው ቲቸር፣ ቁልፍ የለውም። ልጆቹም ይገባሉ፣ እንግዳም ተሳስቶ ይገባል። ደመወዝ ካለኝ እከራያለሁ። የራሴ የምለው በር እንዲኖረኝ ነው።»

ስድስት አርብ አዘጋጀኋት። ስለ ራጅ፣ ስለ ጨረር ጥንቃቄ፣ ስለ አጥንትና ስለ ሥጋ ጥግግት። ጥያቄ እየወረወርኩ አናገርኳት፣ ፈረንሳይኛዋን አረምኩላት። ስለ ቅንጣቶች ግን አላነሳሁም፤ ያን ታውቀዋለች ብዬ።

ፈተናው በተካሄደ ሳምንት ክፍሉ ሞልቶ ሳለ ገባች። ሁሉም «እንዴት ሆነ?» አሏት። ቆማ ነው የነገረችን።

«ራጅ ምንድነው አሉኝ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። ብርሃን ከምን የተሠራ ነው አሉኝ፣ ከፎቶን። ፎቶን ከየትኛው ወገን ነው አሉ፣ ቦዞን። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንደኛው ቦዞን ምን ይሠራል አለኝ።»

«ምን አልሽ?» አልኳት።

«ምንም አይሠራም አልኩ። ፌኔያን ነው አልኩ።» ፌኔያን በፈረንሳይኛ ሰነፍ፣ ሥራ የማይወድ ማለት ነው። ቦዘኔን አሳምራ ተርጉማዋለች። «ሳቁ። ሰውየው "ታዲያ ሰነፉ ነው አጥንታችንን የሚያነሳው?" አለኝ። አዎ አልኩት፤ ሥራ ስለሌለው ማንም አያስቆመውም፣ በሥጋው ውስጥ ዝም ብሎ ያልፋል አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ትናንት ስም ተለጠፈ፣ የለሁበትም።»

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ወደኔ ዞር ብላ «እርስዎ ያሉት ነው አይደል ቲቸር?» አለች። ለማረጋገጥ ያህል ነው የጠየቀችኝ።

አዲሱ ዳይሬክተር የዚያን ዕለት ክፍሉን ሊጎበኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ይህን የምጽፈው ለሰበብ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እኔ እንዲህ ብዬ አላስተማርኩም። ተሳስተሽ ሰምተሽ ይሆናል» አልኳት።

እጇ ላይ ፌስታል ነበር። ከፌስታሉ አፍ የማስታወሻዬ ጠርዝ ብቅ ብሏል፣ ሰማያዊው ሽፋን ይታወቃል። መዲና ፌስታሉን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። ከዚያ የፌስታሉን አፍ ጠቅለል አድርጋ ዘጋችውና «እሺ ቲቸር» አለች። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ተማረች። ሰሌዳ የማጥፋት ተራ የእሷ ነበር፤ አጥፍታ ሄደች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም።

ክሊኒኩ ያልወሰዳት በዚያ መልስ ብቻ ላይሆን ይችላል። ብዙ ተፈታኝ ነበር፣ ዘመድ ያለውም ይኖራል። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። «አላልኩም» ማለቴን ግን ዘመድም ተፈታኝም አያስተባብልልኝም። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቃት ሳይሆን በሄሮን በኩል እንዳላልፍ ነው ያደረገኝ። ያን ዕለት ማታ የጋሽ ዩሱፍን ደብተር አውጥቼ በግራ «ቦዞን ሥራ ፈት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቀኙን ሳልጽፍ ዘጋሁት።

ቀልዱን ከክፍሌ አስወጣሁት፤ ለምን እንደተወሁት ለማንም አልተናገርኩም። መሃል ላይ አንድ ዓመት ከማስተማር ወጥቼ በነፃ የንግድ ቀጠናው መጋዘን ሠርቻለሁ። ደመወዙ ደህና ነበር፣ ሥራው ግን የካርቶን ምልክት ማንበብ ነው፤ ተመለስኩ። ዳይሬክተሮች ተቀያየሩ፣ አዲሱ ባቡር ተዘረጋ፣ ክሊማው ተጠገነ። ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻው ዓመቴ ራሔል የምትባል አዲስ ተማሪ መጣች። እሷም ሄሮን በሰው ቤት ትሠራለች። መሠረታዊ ቅንጣቶች ላይ ደርሰን ባትሪዎቹን ሳወጣ እጇን አነሳች። ጠረጴዛዋ ላይ ከመባዛቱ ብዛት የተነሳ ፊደሉ የደበዘዘ የፎቶ ኮፒ ኮፒ ተዘርግቷል። ገጽ አራት ነው።

«ቲቸር፣ ልክ የሆነው የተሰረዘው ነው ወይስ የተጻፈው?»

ተጠግቼ አየሁ። «ሥራ ፈት» የሚለው መስመር በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ከጎኑ በደቃቅና በተስተካከለ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ቦዘኔ አይደለም። በተኳረፉ ሰዎች መሃል የሚመላለስ ነው። ማዳምና ሙሴው ሲኳረፉ ከላይ ወደ ታች የምመላለሰው እኔ ነኝ፤ "ምሳ በይው"፣ "አልበላም በያት"። እኔ ባልኖር መኳረፋቸውንም ባላወቁ። ቦዞን ይህ ነው።»

ሙሴ የሚሉት የማዳምን ባል ነው። በሥራ ዘመኔ ስለ ቦዞን ከዚህ የተሻለ ሲገለጽ አልሰማሁም። ከላይ ስሜ እንዳለ ነው። ያረመችው ልጅ አልሰረዘችውም።

«ከየት አገኘሽው?» አልኳት ራሔልን። ጥያቄው ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

«መዲና ነች የሰጠችን፣ እንደ እህቴ ናት። አርብ ጠዋት የሠራተኞቹ ቤት ጣራ ላይ እኛን ሦስት ሠራተኞችን ታስጠናናለች። ያልገባሽን ቲቸርን ጠይቂ ትለኛለች።»

ክፍሉ ይጠብቀኛል። በዚህኛው ጊዜ በሩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ያው እውነቱን የምመልስ ይመስለኛል፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። «ልክ የሆነው የተጻፈው ነው» አልኩ። «የተሰረዘውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት ተማሪ በዚህ ምክንያት ተጎድታለች፤ ስትጠይቀኝም ካድኳት።» ከዚያ ባትሪዎቹን አበራን።

ቅጹን በፈረምኩ ማግሥት ደብተሩን ይዤ ሄሮን ሄድኩ። ራሔል ቤቱን ነግራኛለች። የግቢው በር ላይ ደውዬ ጠበቅሁ። መዲና ከፈተች፤ እጇ እርጥብ ነበር፣ በቀሚሷ አበሰችው። ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ሌላው ያው ነው።

«ቲቸር! ምነው፣ ደህና?»

«ደህና ነኝ። ጡረታ ወጣሁ።»

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ይግቡ እንዳልልዎት...» ብላ ወደ ኋላዋ አየች። የራሷ በር አይደለም።

«ክፍልሽ ቁልፍ አገኘ?» አልኳት።

«ያው ነው» አለች።

ይህ መልስ ካሰብኩት በላይ አመመኝ። ደብተሩን አወጣሁና የማን እንደነበረ ነገርኳት፤ እኔ ወደ ድሬዳዋ መግባቴ ስለሆነ አሁን የሚያስተምር ሰው ይያዘው ብዬ ነው አልኳት። ቆማ ገጾቹን ገለጠች። ሰማያዊው ኤሌክትሮን ላይ ፈገግ አለች፣ አዛኑ ላይ ጮክ ብላ ሳቀች። እየገለጠች እየገለጠች የኔ እጅ ጽሑፍ ላይ ደረሰችና ሳቋ ቆመ።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

«አይደለም።»

ገጹን ትንሽ አየችው። «ቀኙ ባዶ ነው።»

«አዎ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም፣ እንዲያውም ጋሽ ዩሱፍ ልጅ ሲጠይቁ እንደሚያደርጉት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከየት አገኙት ታዲያ ቲቸር?»

በሥራ ዘመኔ ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቅኩ እንጃ። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ሰው እንዲስቅልኝ ፈልጌ ነው የፈጠርኩት» አልኳት። «አልኩት፣ ጻፍኩትም። አንቺ በደንብ ነው የሰማሽው።»

ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ ሰጠኋት። መልሳ ሰጠችኝ። «እርስዎ ይጻፉት» አለች፤ ደብተሩንም እንዳይንቀሳቀስ በሁለት እጇ ያዘችልኝ። ቀኙ ላይ «ከእኔ» ብዬ ጻፍኩ። አዙራ አነበበችው፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለችበት።

«እሺ ቲቸር» አለች።

ከፎቁ የሴት ድምፅ «መዲና!» ብሎ ተጣራ። ወዲያው ከታች፣ ከአትክልቱ በኩል፣ የወንድ ድምፅ «መዲና!» አለ። ደብተሩን ብብቷ ሥር አደረገችና በሩን እየዘጋች «ዛሬም ተኳርፈዋል፣ ልሂድ» አለችኝ።